ፀረ እንግዳ

ሰኞ ገበያ ዳር፣ ጨርቅ ተራው መግቢያ፣
ዘጠኝ ዓመት ሰፋሁ፣
የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ መለያ።
መርፌና እኔ ድሮ ባላንጣ አልነበርንም፤
ጣቴን ወጋ ቢያደርግ፣ ጠብታ ደም ቢወጣ፣
መጥጬ እቀጥላለሁ፤ ቂም አንያያዝም።

አምና ጥቅምት እንደባተ፣ የጦሳ ብርድ ሲወርድ፣
ጣቴ እንደ ኖራ ነጣ፣
ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ፍም፣ ከዚያ መንደድ።
ጉልበቴ አበጠ፤ ጠጉሬ ማበጠሪያው ላይ እፍኝ እፍኝ ቀረ፤
ካፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቀይ ክንፍ ተዘርግቶ ጉንጬ ላይ ሰፈረ።
«ታይፎይድ ነው» አለኝ አንዱ። ዋጥኩለት ክኒኑን።
«ታይፈስም አለብሽ» አለኝ ሌላው። ዋጥኩለት የሱን።
የክሊኒኩ ደረሰኝ ተደራርቦ የቀሚስ እጥፋት አህሏል፤
እኔ ግን የገዛ ቀሚሴን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል።

ደሴ ሆስፒታል ነው፣ ዘውገ የሚሉት ልጅ ክንዴን ያሰረው።
«ይሄኛው እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ነው።»
ቱቦዬን በበረዶ ሳጥን፣ በሌሊት መኪና ላከው።
እኔ ጣርማበርን አላውቅም፤
ደሜ ቀድሞኝ አየው።

ውጤቱ የሚነገር ዕለት አባቴ ከወረባቦ መጣ።
አበጋር ነው፤ ሰው ተገዳድሎ፣ ጎራ ለይቶ ሲቆጣ፣
ከመሃል ገብቶ የሚቀመጥ፣ ደም ሳይደርቅ የማይወጣ።

ዶክተር ሉላ ወረቀቱን ገልጣ፣ «ፀረ እንግዳ አካል ይባላል፤
ባዕድ ነገር ሲገባ ሮጦ ይመታል፣ ይከላከላል።»
አባቴ በትሩን አስደግፎ፣ «ምን? ፀረ እንግዳ? በወሎ?
ለመሸበት መንገደኛ አልጋውን ለቆ፣ ‹ቤት የእንግዳ ነው› ብሎ፣
መሬት የሚተኛ ሰው ልጅ ደም ውስጥ፣ ይሄ ከየት መጣ በቅሎ?»
«እሱስ ባልከፋ፣ አባ። የሷ ግን የቤቱን ልጅ አላውቅም አለ፤
ቆዳዋን ይመታል፣ መገጣጠሚያዋን፣ ‹እንግዳ ነህ› እያለ።
ኩላሊቷን እንዳይነካ ነው ስጋቴ።»
ዝም አለ አባቴ።
ከዚያ፣ «ገዳይና ሟች ባንድ ጎጆ ካደሩ፣
ካሳውን ማን ቆጥሮ ይሰጣል? ለማንስ ይቆጠር ብሩ?»

«አንድ ለስድስት መቶ አርባ» ይላል ወረቀቱ። ዘውገ ነው የፈታልን፦
ደሙ ሲረጋ ከላይ የቀረውን ውሃ፣
በጨው ውሃ ይበርዙታል፤ ደግሞ እጥፍ፤ ደግሞ እጥፍ።
ስድስት መቶ አርባ ጊዜ ቀጥኖ፣
በጨለማ ክፍል፣ ማይክሮስኮፑ ሥር፣ አሁንም ያበራል አረንጓዴ።
«ቂም ነዋ» አለ አባቴ፣ «ቂም በውሃ ይቀጥናል እንዴ?»

ዶክተሯ ግን «አልፈርድም» አለች። «ይሄ ጤነኛም ላይ ይገኛል፤
ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ሌላ ምርመራ ያሻል።»
ያን ጊዜ ነው የአባቴ ፊት የበራ።
«ደግ ዳኛ! ባንድ አፍ ማን ይፈርዳል? ጥሪ ሁለተኛውን ምስክር፤
ይቁም፣ ይማል፣ ይናገር።»

ሁለተኛው የሚመሰክረው ስለ ጥንድ ክር ነበር፦
የሰው ዘር የተጻፈበት፣ ሁለት ሆኖ የተገመደ ክር።
ዘጠኝ ዓመት ክር ያበላኝን እኔን፣
ደሜ ክር ጠልቶ ኖሯል።
ባሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ።
አልሸሸገም። መሰከረ።

ሉፐስ።
አጭር ስም ነው። ሰፈሬ ውስጥ የሚጠራው የለም።

ኮፍያ፣ ጓንት፣ መራራ ክኒን። ጠዋት ጣቴ አይታጠፍም፣ ረፋድ ላይ ይፈታል።
አባቴ መናኸሪያው ደጃፍ፣ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ፣
«እርቅ መዋደድ እንዳይመስልሽ» አለኝ።
«ገዳይም፣ የሟች ወንድምም ባንድ ገበያ ይውላሉ፤
በርበሬ ይገዛዛሉ። ያ ይበቃል።»

በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ። ዘውገ ክንዴን ያስራል።
መርፌው ቆዳዬ ጋ ሲደርስ፣
«ግባ፣ ቤት የእንግዳ ነው» እለዋለሁ በልቤ።
እሱ አይሰማኝም። ቱቦው ላይ ስሜን ይጽፋል፣
ዘንድሮም «ጠይባ» ብሎ።
«ጦ» እለዋለሁ። «ጦይባ።»